የላይኛው አትክልትና የታችኛው ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ የእስራኤልን እረኞች ከወቀሰ በኋላ ነገሩን ከእረኞቹ ወደ በጎቹ ያዞረዋል። ስለ እረኞቹ የተነገረውን ብዙ ጊዜ እናነባለን፤ ለእኛ ለካህናት የተጻፈ ስለ ሆነ እያፈርንም ቢሆን እንሰብከዋለን። ከ17ኛው ቁጥር ጀምሮ ያለውን ግን ፈጥነን እናልፈዋለን። በዚያ ስፍራ እግዚአብሔር በበግና በበግ መካከል ሊፈርድ ይመጣል። የሚፈርድባቸውም የሰቡትና የበረቱት በጎች ናቸው። በደላቸው ምንድን ነው ቢሉ፥ ከመልካሙ መስክ በልተው የተረፈውን ረገጡት፤ ከጠራው ውኃ ጠጥተው የቀረውን አደፈረሱት። ከኋላ የሚመጡት ደካሞች በጎች ግን የተረገጠውን ይግጣሉ፥ የደፈረሰውን ይጠጣሉ።

ልብ እናድርግ፤ የሰቡት በጎች ስለ መጠጣታቸው አልተወቀሱም። ውኃ የተፈጠረው ሊጠጣ ነው፤ ሣርም የበቀለው ሊበላ ነው። የተወቀሱት ከጠጡ በኋላ ስለ አደረጉት ነው። ምናልባትም ወደ ኋላ ዘወር ብለው አላዩ ይሆናል፤ ጥማቸው ረክቶአልና።

ውኃውን የመጻሕፍት ትምህርት፥ ማደፍረሱን የመምህሩ ክፉ ግብር አድርገን ብንተረጉመው መልካም ትርጓሜ ነው፤ ራሴም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ብዬ አስተምሬበታለሁ። ዳሩ ግን ምስጢሩን እናወጣለን ስንል ንባቡን መጣል አይገባንም። አንድም ውኃ ውኃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናገረው በጆሮ ስለሚሰማው ሳይሆን በእንስራ ስለሚቀዳው ነው፤ ይልቁንም ከፍራፍሬ አትክልት በታች ስለሚወርደው ውኃ ነው።

የፍራፍሬን ተክል ልነቅፍ አልተነሣሁም። ኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን፥ ሰው በመጀመሪያ የተቀመጠው የፍሬ ዛፍ ባለበት ገነት ነው። ገነቱንም የሚያጠጣ ወንዝ ነበረ፤ ያም ወንዝ ከዚያ ወጥቶ ለአራት ተከፈለ። ከአራቱ አንዱ ግዮን የኢትዮጵያን ምድር የሚከብ ነው፤ አባቶቻችንም ይህ ዓባያችን ነው ብለው ተቀብለውታል። እንግዲህ ሥርዓቱን አስተውሉ፤ ውኃው አስቀድሞ አትክልቱን ያጠጣል፥ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ምድር ይወርዳል። ከገነት የወጣው ውኃ ወደ ገነት ከገባው የከፋ ነበረ የሚል ነገር በመጽሐፍ አናገኝም። አዳምም ለሁለት ሥራ ተሾመ፤ ገነቱን ሊያለማትና ሊጠብቃት። ማልማቱንስ እናውቀዋለን፤ ዛሬ በየስብሰባው የሚነገረው ልማት ነው። መጠበቁ ግን ከማን ነው ቢሉ፥ በዚያን ጊዜ ሌባ አልነበረም፥ ዘመድ ከዘመዱ በድንበር አይካሰስም ነበር፤ ከራሱ እጅ ነው ብንል ከነገሩ የምንርቅ አይመስለኝም። ኋላም ገነቱን ያጠፋበት የራሱ እጅ ሆኖ ተገኝቶአልና።

ይህን ነገር ወደ አገራችን እናምጣው። ግሽ ዓባይ ከሰከላ ይፈልቃል፤ ግልገል ዓባይ ተብሎም ወደ ጣና ይወርዳል። በመንገዱ የቆጋን ወንዝ ይቀበላል። ቆጋ በመርዓዊ አጠገብ ተገድቦ ወደ 7,000 ሄክታር የሚሆን መሬት በመስኖ እንዲለማ ተደርጎአል፤ ቀድሞ የክረምትን ዝናም ብቻ ይጠብቅ የነበረ ገበሬ አሁን በበጋም ያመርታል፤ በዚያም አካባቢ አቮካዶ ተተክሎ ፍሬ ይሰጣል። በባሕር ዳርና በዘጌ ዙሪያ ማንጎው፥ ሎሚው፥ ዘይቱኑ፥ ፓፓያው አለ። አቮካዶ ሸጦ ሦስት ልጆቹን ያስተማረ ሰው አውቃለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚታጨደው ጤፍ ይህን አያገኝም ነበር። ስለዚህ ማንም አንባቢ፥ ቄሱ በድሀው ሰው እንጀራ ላይ ተነሣ እንዳይለኝ እለምናለሁ። የተነሣሁት በሌላ ነገር ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አስቀድመን እናስተውል፤ ሰው ያላወቀውን ኃጢአት ንስሐ አይገባበትምና።

ለአንድ የማንጎ ወይም የአቮካዶ ዛፍ ማዳበሪያ በተሰጠው ጊዜ ዛፉ ሁሉን አይበላውም። ከተጨመረለት ናይትሮጅን ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ሳይወሰድ ይቀራል። የቀረው የት ይሄዳል? ከፊሉ ወደ አየር ይተናል፤ ከፊሉ ናይትሬት ወደሚባል መልክ ተለውጦ እንደ ጨው በውኃ ይሟሟል፤ መስኖው በበዛ ወይም ዝናሙ በበረታ ጊዜ ከሥሩ በታች ይሰርግና ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ይደርሳል። ሽታ የለውም፥ ቀለምም የለውም፤ ውኃውን ብናፈላውም አይጠፋም፥ እንዲያውም ውኃው ሲተን እርሱ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ናይትሬት ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኖአል። ምክንያቱም እንዲህ ባለ ውኃ ወተት የተበጠበጠለት ጨቅላ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን መሸከም እየተሳነው ሰውነቱ ወደ ሰማያዊ መልክ ሊለወጥ፥ ሊሞትም ይችላልና ነው። በላይኛው መሬት ያለው ሰው ያንን ሕፃን አያውቀውም፤ ምናልባትም ክርስትና ሲነሣ ደግሱን በልቶለት ይሆናል።

ፎስፎረስ የሚባለው ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እርሱ ከአፈር ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ አብዛኛው አፈሩ ካልሄደ አይሄድም። የእኛ አፈር ግን ይሄዳል፤ በሐምሌ የወንዞቻችንን ቀለም ያየ ሰው ሌላ ምስክር አያሻውም። አፈሩ ተጠርጎ ከሐይቅ በገባ ጊዜ ለማንጎው የተገዛው ምግብ የውኃውን አረም ይመግባል። አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ነገር በውኃው ፊት ይሰፋል፤ እምቦጭም ይባዛል። ይህ አረም ሞቶ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም በውኃ መካከል ሳለ ትንፋሽ አጥቶ ይሞታል። ጣና ሰፊ ነው፤ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠልቆ በሚገኝበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊ ሳሕን እንጂ ጥልቅ ጋን አይደለም፤ የጣሉበትን ቶሎ ያሳያል።

ከማዳበሪያው ይልቅ የሚያስፈራው ግን ሰው መድኃኒት ብሎ የሚጠራው ነው። በዚህ ስም ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። ገበሬው ሲናገር ማንጎዬን መድኃኒት ረጨሁት ይላል። መድኃኒት ማለት አዳኝ ማለት ነው፤ ይህን ስም ለጌታችን ለመድኃኔ ዓለም የምንሰጠው ነው። ለዛፉ በእርግጥ ያድነዋል፤ ለተባዩ ግን መርዝ ነው፤ ለንቡም፥ ለዓሣውም፥ ለሚረጨው ልጅ ሳንባም መርዝ ነው። አንዱን ነገር መድኃኒት ብለን ስንጠራው የምንጠነቀቀው ጥቂት ነው፤ መርዝ ብለን ብንጠራው ኖሮ ጠርሙሱን ከሕፃን አልጋ ሥር አናኖረውም ነበር፤ ባዶውን ጀሪካን አጥበን ጠላ አንቀዳበትም ነበር። ይህን ሁለቱንም አይቼአለሁ።

ገበሬው ያለ ምክንያት አይረጭም። በ2002 ዓ.ም. በወለጋ በማንጎ ላይ አንድ ተባይ ታየ፤ በቅጠሉና በፍሬው ላይ እንደ ነጭ ብናኝ ተለጥፎ ጭማቂውን የሚመጥ፥ ፍሬውንም አጉድፎ ከገበያ የሚያወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ክፍለ ሀገር ተዛመተ፤ ወደ እኛም ደረሰ። ዓመት ሙሉ የጠበቁት ፍሬ ነጥቦ ሲታይ ልብ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰውም ጎረቤቱ የሰጠውን ሁሉ ይረጫል።

እኔም ከደነገጡት አንዱ ነበርሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና የአትክልቱ ኃላፊ ነበርሁ። ከቅጽሩ በታች ማንጎና ሎሚ ነበረን፤ ከሽያጩም የዕጣኑና የዘቢቡ ወጪ ይሸፈን ነበር። ተባዩ በገባ ጊዜ ከገበያ ጽሑፍ የሌለበት አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ሻጩ ከትልቅ ዕቃ ገልብጦ የሚሸጥ ነበር፤ ምንነቱን ብጠይቀው ጠንካራ ነው ብቻ አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ማንጎው አብቦአል። አንዱ ተማሪዬ የጀርባ መርጫውን ተሸክሞ ሲረጭ ዋለ። በጨረሰም ጊዜ፥ «የኔታ፥ ፓምፑን የት ልጠበው?» ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፍ እያነበብሁ ስለ ነበር ቀና ሳልል፥ «ወደ ወንዙ ውረድ» አልሁት።

በማግሥቱ ጥዋት በወንዙ ኩሬ ላይ ትንንሽ ዓሦች ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ ተንሳፈው አየሁ። ተማሪውም አየ። እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ አንዳች አልተናገርንም።

ከበታቻችን አንዲት ባልቴት ትኖር ነበር። ባልዋ ሲሞት የተወላት አምስት ቀፎ ንብ ነበረ፤ ከሰሙም ለጥምቀት ጧፍ እየሠራች ለቤተ ክርስቲያን ታመጣ ነበር። የከተራ ዕለት፥ ሕዝቡ ያንኑ ወንዝ ሊከትር በወረደበት ጊዜ፥ እርስዋ ወደ እኔ መጥታ መስቀል ተሳለመች። «አባቴ፥ ዘንድሮ ጧፉን ማምጣት አልቻልሁም፤ ሦስቱ ቀፎ ንብ አለቀብኝ፥ በበሩ ላይ ረግፎ አገኘሁት። ኃጢአቴ ይሆናል» አለችኝ። እኔም ምክንያቱን አውቅ ነበር። የሚያብበው ማንጎ የእኛ ብቻ ነበረ፤ የሚጠጡትም ከዚያው ወንዝ ነበረ። እግዚአብሔር ይፍታሽ አልኋት። እንዲሁ ብዬ አሰናበትኋት። ጥቂት ቆይቶም ታቦቱ ወደዚያ ውኃ ወረደ፤ እኔም ከካህናቱ ጋር እየዘመርሁ ወረድሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የጻፍሁት ትሕትና ለማሳየት አይደለም። ብዙዎቻችን የምናመልጥበትን በር በራሴ ታሪክ ለማሳየት ነው። በሩ ይህ ነው፤ አላሰብሁትም የሚለው ነው። በእውነትም የባልቴቲቱን ንብ ለመግደል አላሰብሁም። ዳሩ ግን ኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን ስለ ተወ ሰው ይፈርዳል፤ የጎረቤቱ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ባለ ጉድጓዱ ዋጋውን ይከፍላል። ሕጉ፥ ቆፋሪው አስቦ ነውን ብሎ አይጠይቅም። በገዛ መሬቱ ቆፍሮ እንደ ሆነም አይለይም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከድነሃልን? የሚል። ጉድጓዱ እንኳ ባለበት ይቆማል፤ መንገደኛው አይቶ ሊሸሸው ይችላል። እኛ ወደ ወንዝ የምንለቀው ግን ራሱ ወደ ሰው ቤት ይሄዳል፤ አይታይምም።

ይህ ነገር እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማሳየት ከአገራችን ርቄ አንድ ታሪክ ላምጣ፤ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ። በካሪብ ባሕር ውስጥ ጓድሉፕና ማርቲኒክ የሚባሉ በፈረንሳይ መንግሥት ሥር ያሉ ሁለት ደሴቶች አሉ፤ ሕዝባቸውም አብዛኛው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ዘር ነው። በዚያ የሙዝ ተክል ሰፊ ነው። የሙዙን ግንድ ከሥሩ የሚበሳ ነቀዝ ስለ ነበረ፥ ክሎርዴኮን የሚባል ዱቄት ከ1972 እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ በሥሩ ዙሪያ ይበተን ነበር። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ያንኑ መርዝ በሚሠራ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ታመው በ1975 ዓ.ም. ፋብሪካው ተዘግቶ ነበር፤ ጄምስ የሚባለው ወንዝም ተመርዞ ዓሣ ማጥመድ ተከልክሎ ነበር። ይህ ሁሉ እየታወቀ በደሴቶቹ ላይ ብተናው ቀጠለ፤ ፈረንሳይ በ1990 ዓ.ም. ከከለከለችውም በኋላ ለሙዙ ብቻ በልዩ ፈቃድ እስከ 1993 ዓ.ም. ተራዘመ።

አሁን የሆነውን ስሙ። መርዙ ወደ ሙዙ ፍሬ አልወጣም። ፍሬው ንጹሕ ሆኖ በመርከብ ተጭኖ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ የበላው ሰው አንዳች አልሆነም። መርዙ የቀረው በአፈሩ ነው፤ ከአፈሩም ወደ ምንጩ፥ ወደ ወንዙ፥ ከወንዙም ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ። በዚያ አፈር የሚበቅል ስኳር ድንችና ሌላው የሥር ምግብ ተበከለ፤ በብዙ የባሕር ዳርቻ ዓሣ ማጥመድ ተከለከለ። በኋላም የሰዉ ደም ቢመረመር ከአዋቂዎቹ ከ100 ከ90 በሚበልጡት ውስጥ ተገኘ። በአንዳንዱ ዓይነት አፈር ለመቶዎች ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል ሊቃውንቱ ገምተዋል። የጠራውን ውኃ ጠጥቶ የቀረውን ማደፍረስ ማለት ከዚህ የበለጠ ትርጓሜ አለውን? በ2023 ዓ.ም. የፓሪስ ዳኞች የጤና ቅሌት መሆኑን አምነው፥ ከጊዜው መርዘም የተነሣ ግን ማንንም ለፍርድ ሳያቀርቡ መዝገቡን ዘጉት። የሰው ሕግ ይርጋ አለው። ያ አፈር ግን ይርጋ አያውቅም።

ወደ አገራችን እንመለስ። እምቦጭ በጣና ላይ በግልጥ የታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው፥ መነኮሳቱ፥ ከሩቅ የመጡ ወጣቶችም ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲያወጡት ሁላችንም አይተናል፤ ስለ እርሱም ምህላ ይዘናል። ይህ ሁሉ ከፍራፍሬ አትክልት የመጣ ነው ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ። ከበቆሎውና ከሩዙ እርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፥ ከከተማው የሚለቀቀው ቆሻሻ፥ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው አፈር ድርሻቸው ትልቅ ነው። ዳሩ ግን ለሁሉም ድርሻ ስላለው ማንም የራሱን አይቆጥርም። ገበሬው ከተማውን ይከሳል፥ ከተማው ገበሬውን ይከሳል፤ ባለ አትክልቱ፥ የእኔ አርባ ዛፍ ለጣና ምኑ ነው? ይላል። እኛም በቅጽራችን ሥር ያለውን አትክልት ከቁጥር አናገባውም፤ የቤተ ክርስቲያን ነዋ! ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። በቅዳሴያችን ስለ ዝናማትና ስለ ወንዞች ውኃ እንጸልያለን፤ ሕዝቡም ይመልስልናል፤ በዚያው ሳምንት ፓምፕ በወንዝ እናሳጥባለን። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ውኃ በመጀመሪያው ቀን ከተፈጠሩት ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ነው፤ የሰውም ሥጋ ከእነዚያው የተሠራ ነው ብለን እናስተምራለን። እንግዲህ ውኃውን የመረዘ የማንን ባሕርይ መረዘ?

ምን ይደረግ ብትሉ፥ ነቢዩ ኤልሳዕ በኢያሪኮ ያደረገውን በመጽሐፈ ነገሥት አንብቡ። የከተማይቱ ሰዎች ስፍራው ያማረ መሆኑን፥ ውኃው ግን ክፉ መሆኑን ነገሩት። እርሱም በየቤቱ እየዞረ እንስራ አልባረከም፤ ጨው ይዞ ውኃው ወደሚወጣበት ወደ ምንጩ ሄደ። እኛ ግን ከታች ባለው ጠበል ላይ መስቀል እናጠልቃለን እንጂ ወደ ላይኛው ማሳ ሄደን ባለ አትክልቱን አንነጋገረውም፤ የአሥራት ከፋይ ስለ ሆነ ይሆናል።

ወደ ላይ ለወጣ ሰው የሚሠራው ሥራ ከባድ አይደለም። በአትክልቱና በወንዙ መካከል ያልታረሰ፥ ሣር ወይም ቁጥቋጦ ያለበት ጥቂት ስፍራ ይቅር፤ ከአፈሩና ከፎስፎረሱ ብዙውን ይይዘዋልና። ከመሬቱ ለወንዙ የሚተወው ይህ ስፍራ፥ ከእህሉ አሥራት እንደሚያወጣ ሰው ይቁጠረው። ማዳበሪያውን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ በትንሽ በትንሹ ከፍሎ፥ ከባድ ዝናም በማይጠበቅበት ቀን፥ ከአፈር ጋር አዋሕዶ ይስጥ፤ ፍግና ብስባሽም ይጨምር። ለማንጎው ነጭ ተባይ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መጋዝ ነው፤ የተጨናነቀውንና ክፉኛ የተያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ፀሐይና ነፋስ ማስገባት የርጭቱን ብዛት ይቀንሰዋል። መርጨት ግድ ከሆነ የተመዘገበውን፥ ጽሑፍ ያለበትን፥ የልማት ሠራተኛው ያየውን ይርጭ፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ አዋጅም ያልተመዘገበውን መሸጥና መጠቀም ይከለክላል። አበባ ባለበት ጊዜ አይርጭ። ፓምፑንና ጠርሙሱን ያጠበበትን ውኃ ወደዚያው ወደ ተረጨው ማሳ ይመልሰው እንጂ ወደ ወንዝ አይውረድ። እኔ መጽሐፍ ላይ ሆኜ ቀና ሳልል የተናገርሁትን ያን አንድ ቃል ብቻ ብለውጠው ኖሮ ቢያንስ ዓሦቹ አይሞቱም ነበር።

የንስሐ አባቶች ሆይ፤ የንስሐ ልጆቻችንን ስንጠይቅ ስለ ጾምና ስለ ሰንበት፥ ስለ ሐሰተኛ ምስክርነትና ስለ ድንበር መግፋት እንጠይቃለን። ድንበር የገፋ ሰው የሚወስደው አንድ ክንድ መሬት ነው፤ ይህንም ከባድ ኃጢአት ብለን ቀኖና እንሰጣለን። ድንበሩን ሳይነካ የጎረቤቱን ውኃ የወሰደውን ግን አንጠይቀውም። አትክልት ያለውን ሰው፥ ከበታችህ የሚጠጣው ማን ነው? ብለን እንጠይቀው። ብዙው አስቦት አያውቅም፤ ጥያቄው ብቻ ብዙ ያነቃዋል። ድሀውን ገበሬ ግን አናስጨንቀው፤ ያለ ጽሑፍ ገልብጦ የሚሸጠው ነጋዴ ከእርሱ ይልቅ ተጠያቂ ነው፤ እርሱም የአንዳችን የንስሐ ልጅ ነው።

በራሴ የሆነውን ልጨርስ። ከዚያ ዓመት በኋላም ርጭቱ አልቆመም፤ ሁለተኛ ታኅሣሥ አለፈ። ኋላ ለንስሐ አባቴ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን፥ «ስግደቱን ትደርስበታለህ፤ አስቀድመህ ሂድና ለሴትዮዋ ንገራት» አሉኝ። ከስግደት ሁሉ ይህ ከበደኝ። ሄጄ በደጃፍዋ ቆሜ ነገርኋት። ብዙ ዝም ብላ ቆየች፤ በኋላም፥ «አባቴ፥ ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ኖሮ የተረፉትን ሁለቱን ወደ እኅቴ ቤት አሻግራቸው ነበር» አለችኝ። ለካ በሁለተኛው ዓመት እነርሱም አልቀው ነበር፤ ሁለተኛ መጥታ ግን አልነገረችኝም ነበር።

በደብሩ ጉባኤ ነገሩን አቀረብሁ፤ ርጭቱ በአበባ ጊዜ እንዲቀር፥ ከወንዙ በላይ ያሉት ሁለት ረድፍ ዛፎች ተነቅለው ስፍራው ለሣር እንዲተው ተወሰነ። አንዳንዶች ስለ ዕጣኑ ገንዘብ አጉረመረሙ፤ እውነትም የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ቀንሶ ነበር። እኔም ከደመወዜ ሁለት ቀፎ ንብ ገዝቼ ለባልቴቲቱ ሰጠሁ። አንዱ ለምቶ ባለፈው ጥምቀት ጥቂት ጧፍ አመጣች። ሁለተኛው ቀፎ ንቡ ጥሎት ሄዶ ባዶውን ተሰቅሎአል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።